በርሜሉ ባዶ አይደር

እርጋታ በቧንቧ መምጣት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እስከ 2081 ዓ.ም. ሰኔ ድረስ፣ በዋርካ ሳይት ኮንዶሚኒየም ብሎክ አሥራ አራት ውስጥ የሚናደድ ሰው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ስምንተኛ ፎቅ የምትኖረው የዕድሩ ንብረት ያዥ፣ እትዬ ሶልያና።

ሶልያና የባልቴት ስም ነው። እንደ ሃሴትና እንደ ኪሩቤል ሁሉ፣ ሲጠሩት ከዘራና የመነጽር ማንጠልጠያ ትዝ የሚያሰኝ ስም። የዘመኑ ወላጅ ለልጁ ሸጋ ስም ሲፈልግ ደብሪቱ ይላል፣ ወልደሰንበት ይላል።

ያን ቀን ጠዋት የተናደደችው በሊፍቱ ነበር። ትናንትም በሊፍቱ ነበር። ሊፍቱ የካቲት ላይ ቆመ፤ በማግስቱ አንድ ሰው "ቆሟል" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። የብሎኩ ሰው ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ይወጣል፣ በየመታጠፊያው ያለከልካል፣ ፈገግ ይላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከግድግዳው የሚንዠቀዠቀውን ፍሳሽም ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ ይሻገረዋል።

"ስንት አደርሽ?" ይሏታል ሲያገኟት። መለኪያው መጋቢት ላይ በየሽንት ቤቱ ከተገጠመ ወዲህ "እንዴት አደርሽ" የሚል ሰው የለም።

"ሠላሳ አራት።"

"ጎሽ። እኔ ሰማንያ አንድ፣ ተመስገን።"

"ምኑ ነው ጎሽ? ሠላሳ አራት ምኑ ነው ጎሽ የሚያሰኘው?"

"ልክ ነሽ" ብለው ያልፏታል።

ቆሽቷን የሚያሳርረው ይኸው ነው። ቢሰድቧት መልስ አላት። ቢያኮርፏት ታውቅበታለች። "ልክ ነሽ" ብሎ ከሚሄድ ሰው ጋር ግን እንዴት ተብሎ ይጣላል? እትዬ ሶልያና ጠባይዋ ከእናቷ የወረደ መስሏት ነው የኖረችው። እናቷም ነገር አይዋጥላቸውም ነበር።

መልእክቱ ስልኳ ላይ የደረሰው በሰኔ አሥራ አምስት ነው። "ውድ ደንበኛችን፤ የእርጋታ ልክዎ ለሁለት ተከታታይ ወራት ከሃምሳ በታች ተመዝግቧል። ሰኔ 25 ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ይለካሉ። ከሃምሳ ካልበለጠ በዚያው ዕለት መኪና መጥቶ ወደ ማረፊያ መንደር ይወስድዎታል። አንድ ሻንጣ ይፈቀዳል። መልካም ቀን።"

ከማረፊያ መንደር የተመለሰ ሰው በብሎኩ ውስጥ አለ። ሦስተኛ ፎቅ የነበረው መምህር ነው። ጠዋት ጠዋት የብሎኩ በር ላይ ቆሞ የገባውን የወጣውን ሁሉ ያመሰግናል። መመለሱን ራሱ ያስተዋለ አይመስልም። ሲመሽ ክንዱን ይዞ ቤቱ የሚያስገባው ሌላ ሰው ነው።

እትዬ ሶልያና መልእክቱን ሁለቴ አነበበችው። "ኤዲያ!" አለች ለባዶ ቤት። ልጆቿን ያሳደገችበትን ቤት፣ የዕድሩን ድንኳን፣ ሰባቱን ብረት ድስት፣ ዘጠና ስድስቱን ወንበር ቃኘች። ንብረቱን ማን ይረከባታል? ብሎኩ ውስጥ አንድ ድስት ቢጠፋ "ይገኛል" ሳይል የሚፈልግ ሰው አንድ እንኳ የለም። ጫማዋን አጥልቃ ስምንቱን ፎቅ ወረደች።

የእርጋታ ውሃ አገልግሎት የደንበኞች አዳራሽ ሰፊ ነው። ሰልፍ አለ፣ ግን የሚጋፋ የለም። ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ለኋለኛው "ቅደም" ይላል፤ ኋለኛውም "አንተ ቅደም" ይላል። እትዬ ሶልያና በመሀላቸው አለፈች። ማንም ቅር አላለውም፤ ይህም አናደዳት።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደብሪቱ ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

"እማማ፣ ቁጭ ይበሉ።"

"አልቀመጥም። ቆሜ ነው የምናገረው።"

"መብትዎ ነው።"

"እኔ ምንም አላመመኝም። የተናደድኩት ሊፍት ስለቆመ ነው። ደረጃው ላይ ፍሳሽ ስለሚወርድ ነው። ሰው የሚናደደው ምክንያት ሲኖረው ነው እኮ፣ ልጄ!"

"ልክ ነዎት።"

"ልክ ከሆንኩ መኪናውን አስቀሪልኝ።"

"እሱስ አይቻልም" አለች ደብሪቱ፣ ፊቷ እንደ ጠዋት ፀሐይ እያበራ።

"ታዲያ ልክ ነዎት የምትይኝ ለምንድን ነው?"

"ልክ ስለሆኑ ነዋ፣ እማማ።"

እትዬ ሶልያና የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። "እሺ ውሃው ቢሆንስ? ውሃው ተበላሽቶ ቢሆንስ?"

ደብሪቱ ስክሪኗን አየች። "አንድ ሰው ብቻውን ከወረደ ችግሩ የሰውየው ነው። ብሎኩ በሙሉ ከወረደ ችግሩ የመስመር ነው፤ መስመር ሲሆን ሰው አይነካም፣ ጉዳዩ ለቴክኒክ ክፍል ይተላለፋል። የእርስዎ ብሎክ አማካይ ሰባ ዘጠኝ ነው። በጣም ጥሩ ብሎክ ነው። እንኳን ደስ አለዎት።"

"ወይ ፍዳዬ!"

"ግን ቴክኒሻን እልክልዎታለሁ። ለማየት ያህል።"

ቴክኒሻኑ ሰኔ አሥራ ሰባት መጣ። ወልደሰንበት ይባላል፤ ረጅም፣ ጉንጨ ሙሉ ወጣት ነው። ስምንት ፎቅ ወጥቶ ላቡ እየተንጠፈጠፈ "ደስ የሚል ደረጃ ነው" አለ። ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ውሃ ቀድቶ ጥብጣብ ወረቀት ነከረበት። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ።

"ውሃዎ ደህና ነው፣ እትዬ። የሚጠጡት ከዚህ ነው?"

"ከቧንቧ?" አለች። "አብደሃል እንዴ? ቧንቧ ይታመናል? ከበርሜሉ ነዋ!"

በርሜሉ በረንዳው ላይ ቆሟል። ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ የብረት በርሜል ነው፤ ሰማያዊ ቀለሙ ተልጦ ተልጦ፣ ሆዱ ውስጥ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተደራርቧል። የዕድሩ ነው። የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ሰባት "በርሜሉ ባዶ አይደር" ይላል። ደንቡ የወጣው ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ዘመን ነው፤ አንዲት ሴት ውሃ በጠፋ ቀን ሞታ፣ አስከሬኗን ማጠቢያ ሲፈለግ ሬሳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀ። ያን ቀን ያፈሩ ሰዎች ናቸው አንቀጽ ሰባትን የጻፉት። አሁን ውሃ ሌት ተቀን ይመጣል፤ አንቀጹን ግን የሻረው የለም። እናቷ ሃያ አንድ ዓመት ሞሉት። እሷ ደግሞ ከእናቷ ተረክባ በየጠዋቱ ትሞላዋለች። እንዳይሸትም ከታች ያደረውን በመክፈቻው እየቀዳች ትጠጣለች፣ አዲሱን ከላይ ትጨምራለች።

ወልደሰንበት ከበርሜሉ በብርጭቆ ቀዳና ወደ ብርሃን አነሳው። የሻይ ዕጣቢ ይመስላል።

"ቀለሙ አላስጠረጠረዎትም?"

"የበርሜል ውሃ ቀለሙ ይኸው ነው! እናቴም ይህንኑ ነው የጠጣችው።"

ጥብጣቡን ነከረ። ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጁ በእርጋታ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ከቧንቧ ሌላ ብርጭቆ ቀድቶ፣ ከበርሜሉ ሆድ በጥፍሩ የዝገት ፍንጣሪ ፍቆ ጣለበትና የበረንዳው ድንጋይ ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጠው። ራሱም አጠገቡ ተቀመጠ።

"ምን እየጠበቅህ ነው?"

"እስኪለወጥ ነው። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።"

"ሌላ ሥራ የለህም?"

"አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ቤት ይጠብቀኛል።"

"ታዲያ?"

"ይደርሳል።"

ያን አንድ ሰዓት እትዬ ሶልያና በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል አሳለፈችው። ውሃው መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ። ከዚያ ብርቱካን። ከዚያ ቡናማ ሆኖ ከሥሩ ጥላሸት የመሰለ ነገር ዘቀጠ።

"ይኸው" አለ ወልደሰንበት። "ቧንቧው ውስጥ ያለው ዶፓሚን ነው፣ ሴሮቶኒንም አለ። እርጋታ የምንለው። ለጀርም ማጥፊያ ደግሞ የምንጨምረው ነገር አለ። ያ ነገር ዝገት ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ፍሪ ራዲካል ይወጣዋል። ጎዶሎ ነው፣ እትዬ። አንድ ኤሌክትሮን ይጎድለዋል። ጎዶሎውን ለመሙላት አጠገቡ ያገኘውን ይነጥቃል። የተነጠቀው ደግሞ እሱም ጎዶሎ ይሆንና ከሌላው ይነጥቃል።"

"ወንፊት ተውሶ እንደማይመልስ ጎረቤት በለኛ። አንዷ የወሰደችብህን አንተ ከሌላዋ ትወስዳለህ፣ በመጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ ወንፊት የለውም።"

"እንደዚያ ነው" አለ ልጁ ተደስቶ። "እርጋታው በርሜሉ ውስጥ እየተነጠቀ ያልቃል፤ እርስዎ ስድስት ዓመት ሙሉ እርጋታ ጠጥተው አያውቁም። ጥቁር ዝቃጩን ነው የጠጡት። እሱም አይጎዳም፣ አይጠቅምም።"

እትዬ ሶልያና ተቀመጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ ቆማ ሳትናገር የተቀመጠችው ያን ጊዜ ነው። የእናቷ ጠባይ አይደለም ማለት ነው። ወይም የእናቷ ጠባይ ነው፣ ዝገቱ ጠብቆላት ነው። ለካ የእሷ ንዴት የራሷ ነው፤ ከቧንቧ የመጣው የሌላው ሰው እርጋታ ነው።

"በርሜሉን ይጣሉትና ከቧንቧ ይጠጡ" አለ ወልደሰንበት ሲወጣ። "ሃያ አምስት ሲደርስ ከሃምሳ ያልፋሉ። ከቤትዎ የሚነካዎት የለም።"

አልጣለችውም፤ የዕድር ንብረት ማን ይጥላል። ግን በማግስቱ ጠዋት ከቧንቧ ጠጣች። ቤቷን ትወዳለች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም፣ ሌላ ምክንያትም አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተሰማትም። በሁለተኛው ቀን ስታድር አርባ አራት ሆነች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሃምሳ ሦስት። ደረጃው ላይ የሚንዠቀዠቀው ፍሳሽ ጋ ስትደርስ "ውሃ ነው፣ ይደርቃል" አለች፤ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ተሻገረች። ሊፍቱ በር ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው አለች በልቧ።

ሰኔ ሃያ አንድ ጠዋት ከሱቅ ስትመለስ፣ አምስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ቃሬዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘች። ውሃ እየጠጡ ነበር።

"ስንት አደርሽ፣ እናታችን?"

"ሃምሳ ዘጠኝ" አለች ፈገግ ብላ። "እናንተስ?"

"ሰማንያዎቹ ውስጥ ነን። ዘጠነኛ ፎቅ ሰው ታሞ ነው። አረፍ ብለን ነው።"

"እረፉ፣ እረፉ" አለች። "እንኳን ደህና መጣችሁ።" አልፋቸው ወጣች፤ ቤቷ ገባች፤ የገዛችውን ሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠች።

ዘጠነኛ ፎቅ የታመመው ጋሽ ኪሩቤል ነበር፤ የሃሴት ባል፣ የዕድሩ ሰብሳቢ። ልቡን ነው። ቃሬዛው ሲደርስ ሞቶ ነበር። ሠራተኞቹ ለሃሴት "አይዞሽ" አሏት፤ ሃሴትም "ደህና ነኝ" አለቻቸው። ሁሉም እውነቱን ነው የተናገረው።

እትዬ ሶልያና ነገሩን የሰማችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሰምታ "ነፍስ ይማር" አለች። ወንበር ቆጥራ ለማውረድ ወደ በረንዳው ወጣች። ወንበሮቹ ከበርሜሉ ጀርባ ነው የተደረደሩት። እጇ በርሜሉን ሲነካ አንቀጽ ሰባት ትዝ አላት፤ ሦስት ቀን አልሞላችውም። ክዳኑን አንሥታ ወደ ውስጥ አየች፤ ግማሽ ሆኗል፣ ጥቁር ሆኖ ረግቷል። ውሃው ላይ የገዛ ፊቷ ነበር፣ ፈገግ ብሎ።

አምስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አስታወሰቻቸው። ከአንድ ሳምንት በፊት ብታገኛቸው ኖሮ የምትለውን ቃል በቃል ታውቀዋለች። "ተነሡ! ሰው እየሞተ ቁጭ ትላላችሁ? በሉ ቃሬዛውን ወዲህ በሉት፣ እኔ ልያዘው!" ታውቀዋለች፣ ግን ቃሉ ሆዷ ውስጥ አልነበረም። ይህን ማወቋም ሊከብዳት ሲል ቀለላት። መቅለሉን አስተዋለችው።

ብርጭቆ ፈልጋ ከበርሜሉ ቀዳች። ጠጣች። ደገመች። እስከ ሃያ አምስት አራት ቀን አለ፤ በዚህ ውሃ ሠላሳ አራት እንደምትሆን፣ መኪናው በር ላይ እንደሚቆም ታውቃለች። ሦስተኛውን ብርጭቆ ቀዳች።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሰዉ ሁሉ "ቆንጆ ቀብር ነው" አለ። መምህሩ የመቃብሩ አጥር በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ አመሰገነ። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተከለ፤ ሃሴት ጥግ ላይ ጥቁሯን ለብሳ፣ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሴት ተቀምጣለች።

"ሶሊ" አለቻት፣ እትዬ ሶልያና አጠገቧ ስትቀመጥ። "እንባዬ የት ሄደ?"

"እ?"

"አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ፤ ጫማው በር ላይ አለ፤ አየዋለሁ፤ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ አስደነገጠኝ፤ ድንጋጤውም ወዲያው ጠፋ። አንቺ ሁልጊዜ ትናደጃለሽ። ምን ብትበዪ ነው?"

እትዬ ሶልያና ተነሥታ ስምንት ፎቅ ወጣች፤ ሁለት ጀሪካን ከበርሜሉ ሞልታ፣ በየፎቁ እያስቀመጠችና ሊፍቱን እየረገመች አወረደች። በዕድሩ ደንብ ለቅሶ ቤት ራሱ ውሃ አይቀዳም፤ ለቅሶ ቤትም ለቅሶ ደራሽም እስከ ሠልስት የሚጠጣው ዕድሩ የሚያቀርበውን ነው። ይህንንም የሻረው የለም።

"ቀለሙ ምንድን ነው?" አለ አንዱ ብርጭቆውን እያየ።

"የዕድር ነው።"

"እሺ" ብሎ ጠጣ። እሺ የማይል ሰው አልነበረም።

በየጠዋቱ በርሜሉን ሞላች፤ ፀሐይ እስኪመታው ጠበቀች፤ እስኪቀላ፣ እስኪጠቁር፤ አወረደች። የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሰውዬ "ይሄ ወንበር ይቆረቁራል" አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በብሎኩ አልተሰማም።

"እውነት ነው፣ ይቆረቁራል" አለች አንዲት ሴት ዓይኗን አፍጥጣ። "ኧረ ቆይ፣ ይሄ ምስር ወጥስ ጨው አለው?"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ በሠልስቱ፣ ሃሴት የሆነ ድምፅ አሰማች። መጀመሪያ ሳል ነው የመሰላቸው። ከዚያ ደረቷን ያዘች፤ ድምፁ ከሆዷ ወጣ፤ "ኪሩዬ!" አለች። "ጫማህ በር ላይ ነው፣ ኪሩዬ!" ድንኳኑ ተናወጠ። እንዴት እንደሚለቀስ የረሱ መስሏቸው የነበሩ ሰዎች ለካ አልረሱም። አራተኛ ፎቅ ያሉት ሰውዬ ጥግ ይዘው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ቁጣው መጣ።

"ሊፍቱን ለምንድን ነው ያላሠራነው?"

"ማን ነበር የሚያሠራው?"

"አምቡላንሶቹ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ነበር አሉ። ሰው እንዴት አያያቸውም? እንዴት አንድ ሰው አይጮኽባቸውም?"

እትዬ ሶልያና ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች። "እኔ አይቻቸዋለሁ" አለች። "ከቧንቧ ጠጥቼ ነበር፣ ሦስት ቀን። እንዳይወስዱኝ ብዬ። እረፉ አልኳቸው።"

ሃሴት ቀና ብላ አየቻት።

"አንቺ እንኳ?"

"እኔ እንኳ።"

ሃሴት ጀርባዋን ሰጠቻት። ለአንድ ሰዓት ያህል እትዬ ሶልያና ከቦታዋ አልተነሣችም። ከዚያ ሃሴት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ባዶ ብርጭቆዋን ወደ ኋላ ዘረጋች።

"ጨምሪልኝ" አለች።

ሰኔ ሃያ አምስት ጠዋት መኪናው መጣ። ንጹሕ ነው፣ አበባ ተስሎበታል። ሁለት ሰዎች ወረዱ። እትዬ ሶልያና አንድ ሻንጣዋን ይዛ የብሎኩ በር ላይ ቆማለች፤ መምህሩ እያመሰገናት ነው። ጠዋት የተለካችው ሠላሳ ሁለት ነው።

አንደኛው ሰውዬ ስልኩን ተመለከተ። ደግሞ ተመለከተ። "ብሎክ አሥራ አራት፣ አማካይ ሠላሳ አምስት" አለ ለጓደኛው። "ይሄ ሰው አይደለም። ይሄ መስመር ነው።"

"መስመር ከሆነ ሰው አይነካም" አለ ጓደኛው።

"ልክ ነህ።"

ወደ መኪናቸው ሲዞሩ መንገድ አልነበረም። አርባ የሚያህል ሰው ከቧቸዋል። ሃሴት ከፊት ናት፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ሰውዬ ከጎኗ። "ሊፍቱስ? ፍሳሹስ? ማነው አለቃችሁ? ቁጥሩን ስጡን! አሁን!"

"ልክ ናችሁ" አሉ ሰዎቹ።

"ልክ መሆናችንን እናውቃለን!" አለች ሃሴት። "ቁጥሩን!"

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያሳዝን ነው፤ ለእትዬ ሶልያና ማለት ነው። ቴክኒክ ክፍሉ መስመሩን ለማየት ለ2089 ዓ.ም. ቀጠሮ ሰጠ። እስከዚያ ድረስ ብሎኩ በአንድ ድምፅ የሚጠጣው ከበርሜሉ ሆነ፤ የተስማሙበትም ነገር ይኸው ብቻ ነው። የዕድር ስብሰባ አራት ሰዓት ይፈጃል። ቃለ ጉባኤው ይነበባል፣ ይሻራል፣ እንደገና ይጻፋል። ወንበሮቹ ይቆረቁራሉ። የበርሜሉ ውሃ ብረት ብረት ይላል፤ ለምን እንደሚል ንብረት ያዥዋ ታስረዳ። አንዱ ደግሞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት በሯን አንኳኩቶ ዛሬ ወረፋው የማን እንደሆነ ይጠይቃታል።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስናደድ" ትላለች በሩን እየከፈተች፣ "እንዲህ እንደማደክም ማንም አልነገረኝም።"

"ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?" ይላታል አንኳኪው።

የሊፍቱ ድርጅት አሥራ አንድ ቀን ቻለ። በየጠዋቱ አርባ ሰው ቢሮው በር ላይ ቆሞ ሲጮኽ፣ ሠራተኞቹ "ልክ ናችሁ" እያሉ አሥራ አንድ ቀን ቆዩ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንደኛው ሠራተኛ፣ ለምን እንደሆነ እሱም ሳያውቀው፣ ተነሥቶ መፍቻውን አነሣ።

ለኪሩቤል አርባ ሃሴትና እትዬ ሶልያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ በሊፍት ወረዱ። ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት። አምስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ሃሴት የሊፍቱን ግድግዳ በመዳፏ ያዘች፤ እንባዋ ወረደ። እትዬ ሶልያና እጇን ያዘችላት።

"ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው" አለች ሃሴት እያለቀሰች።

"ለድርጅቱ አመልክቺ" አለቻት እትዬ ሶልያና።